የእትዬ አሰፋሽ ሃያ አራት ማሳ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2014፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የእትዬ አሰፋሽ እርሻ እንዲህ ነበር። ከሃያ አራቱ ማሳ ዘጠኙ የደረሰ ስንዴ፣ ስድስቱ የደረሰ በቆሎ፣ አምስቱ ገና ያልደረሰ ካሮት፣ አራቱ ባዶ። ሦስቱ ላሞች አልታለቡም። ከአሥራ አንዱ ዶሮ ስምንቱ እንቁላል ጥለዋል፤ የሚሰበስበው የለም። ከአጥሩ በር በስተግራ አንድ የፖም ዛፍ ቅጠሉ ጠውልጎ ውሃ ይጠብቃል። ጎተራው ከሚይዘው መቶ ሰባ ዕቃ መቶ አርባ ሁለቱን ይዟል።

ይህ ሁሉ የነበረው ከላይ በቀኝ በኩል በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላይ ነው። የስልኩ ባለቤት ከሦስት ሰዓት በፊት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ማክሰኞ ማታ አትላንታ አጠገብ ብሩክሄቨን በሚሠሩበት ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ አንሶላ እያጣጠፉ ወደቁ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰው ደም አላስተረፋቸውም። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

በዚያ ቀን እርሻውን ጻፍኩት እንጂ ምንም አልነካሁም። አሥራ አራት ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ በማይክሮስኮፕ ናሙና ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ናሙና ከመነካቱ በፊት ያለበት ሁኔታ ይመዘገባል። ሥራው ይህን አስለምዶኛል፤ ሌላም ብዙ ነገር አስለምዶኛል፤ ከሁሉም በላይ ቆሞ መድከምን።

ስልኩ እኔ እጅ እንዴት እንደገባ ልናገር።

እዚያው አትላንታ ዳርቻ፣ ስኔልቪል ውስጥ የእትዬ አሰፋሽን ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ላይ ቤት ከልጃቸው ከሔለን ጋር ይኖራሉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔ ጴንጤ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን አንስተን አናውቅም፤ በዚህም ምክንያት ተጣልተን አናውቅም። እሑድ ጠዋት እሳቸው ነጠላቸውን ለብሰው በፊት ለፊት በር ሲወጡ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ በጓሮ በር እወጣለሁ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ እንገናኝና «በይ ጸልዪልኝ» «እርስዎም ይጸልዩልኝ» ተባብለን እንለያያለን።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ የነበርነው ሔለን፣ እኔና አቶ ነጋሽ ነበርን። አቶ ነጋሽ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ የዕድራችን ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው።

«ያ ልጅ የት ደርሷል?» አሉ አቶ ነጋሽ።

ያ ልጅ ያሉት ለገሰን ነው፤ የእትዬ አሰፋሽን ታናሽ ወንድም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል።

«ዛሬ ጠዋት ካሊፎርኒያ ሎድ አድርጎ ወጥቷል» አለች ሔለን። «ቅዳሜ ማታ ነው ዲሊቨር የሚያደርገው።»

«እንግዲያው እስከ ቅዳሜ አይሰማም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን። ሌላ መንገድ የለም።» አቶ ነጋሽ ጣታቸውን አነሡ። «የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ልጅ ቴነሲ ላይ እየነዳ የእናቱን ሞት በስልክ ነግረውት፣ መኪናውን ገደል ሰዶ፣ እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አርባ ሺህ ፓውንድ ጭኖ የሚሄድን ሰው አናረዳም። ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።»

«ጋሽ ነጋሽ፣ እሱ እኮ ማወቁ አይቀርም» አለች ሔለን። «አይ ሚን፣ እማዬ ዝም ካለች በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚደውለው።»

«ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቷል በሉት።»

«እርሻውስ?»

«የምን እርሻ?»

ሔለን ስልኩን ሰጠቻቸው። አቶ ነጋሽ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ብዙ አዩት።

«አሰፋሽ ይሄን ሁሉ ከብት አላት?»

ሔለን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እንደምንም አስረዳቻቸው። እናቷና ለገሰ በጨዋታው ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የሌላውን እርሻ ገብቶ ያያል፤ የታረሰውን፣ የተዘራውን፣ የታጨደውን ሁሉ። ለገሰ ትራክ ስቶፕ ላይ ለማረፍ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚከፍተው የእህቱን እርሻ ነው። እርሻው ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ካየ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ነጋሽ ስልኩን ወደ እኔ እየዘረጉ፣ «የሟች ከብትም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ወርቅውሃ፣ አንቺ ጥንቁቅ ነሽ።»

እኔ እርሻ ተጫውቼ አላውቅም ነበር። የምጫወተው ተመሳሳይ ቁጥሮችን እየገፉ የሚያጣምሩበትን ነው። ሰው ሲደክመው ምን እንደሚጫወት ግን ለዓመታት አይቻለሁ፤ የሥራ እረፍት ክፍል ውስጥ ሌላ የሚታይ የለም። ነርሶቹ አብዛኞቹ ከረሜላ የሚያገጣጥሙበትን ይወዳሉ፤ አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ስለሚፈጅ በሽተኛ ቢጠራም አይቆጭም። ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሹፌሮቻችን ካርታ ነው የሚጫወቱት፤ ወረፋቸው ረጅም ነው። አቶ ነጋሽ በስልካቸው ከማሽን ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ማሽኑን ከሁሉ ቀላል ደረጃ ላይ አድርገውታል። ለምን ስላቸው «በዚህ ዕድሜዬ ማሸነፍ እንጂ መማር አልፈልግም» ብለውኛል። እርሻን የሚወዱት ደግሞ እንደ እትዬ አሰፋሽ ያሉት ናቸው፤ ቀናቸው በአጫጭር እረፍት የተቆራረጠ፣ ሥራቸው ሲሠሩት ውሎ በማግሥቱ እንደ አዲስ የሚጀምር። አንሶላ አጥበው ይጨርሳሉ፤ ነገ ያው አንሶላ ይመጣል። ስንዴ ግን ዘርተውት ሲመለሱ ደርሶ ይጠብቃቸዋል።

ረቡዕ ማታ የለገሰ መልእክት መጣ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻጻፉት።

«የስኔልቪል ባላባት እንዴት ዋልሽ? አሪዞና ገብቻለሁ። ንፋሱ መኪናውን ይዞት ሊሄድ ነው።»

ሔለን እየነገረችኝ ጻፍኩ። «ደህና ነኝ። ጉሮሮዬን አሞኝ ድምፄ ጠፍቷል። አትደውል፣ ጻፍልኝ።»

«ተመስገን! አርባ ዓመት የለመንኩት ዛሬ ሆነ። ጆሮዬ ይረፍ።»

ሔለን ስልኩን ትታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። እኔ ደብተሬ ላይ አንድ ነገር መዘገብኩ፤ ለገሰ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እርሻውን አይቷል፤ ስንዴው ደርሶ አለመታጨዱን አይቷል፤ ለምን እንዳልታጨደ ግን አልጠየቀም። ነገሩ እንግዳ ሆነብኝ። አንድ ቀን የተመዘገበ ነገር ማስረጃ ስለማይሆን አለፍኩት።

ጨዋታው የሁለት ሳምንት ሥራ የሚያሳይ ገጽ ነበረው። የእትዬ አሰፋሽን አሠራር መምሰል ስለነበረብኝ ከኦክቶበር 15 እስከ 28 ያለውን ቀን በቀን ገለበጥኩት። በአብዛኛው ቀን ሦስት ጊዜ ይገባሉ፤ ንጋት ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ። መጀመሪያ ያጭዳሉ፣ ቀጥሎ ያርሳሉ፣ ከዚያ ይዘራሉ፤ ላሞቹን በመጨረሻ ያልባሉ። በአምስት ቀን ግን እርሻውን አልነኩም፤ በ15፣ በ17፣ በ19፣ በ22 እና በ26። በእነዚያ ቀኖች ገብተው ዶሮዎቹን አይተዋል፤ እንቁላል ሰብስበዋል። አንድ ማሳ ግን አላረሱም፣ አላጨዱም።

«ሔለን፣ እናትሽ በ15ና በ22 ደብል ሺፍት ሠርተው ነበር?» አልኳት።

«ረቡዕ ነው አይደል? ላይክ... አንዳንዴ ረቡዕ ደብል ትሠራለች። አይ ጌስ።»

«ደብል ሺፍት» ብዬ ጻፍኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ቢሆን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አልቀበልም ነበር። ግን ከንጋቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነበር፤ ላይ ቤት ሰው መግባት ጀምሯል፤ ወንበር መደርደር አለ።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ከመግባቴ በፊት ስንዴውንና በቆሎውን አጨድኩ። አሥራ አምስቱን ማሳ አርሼ ስንዴ ዘራሁ። አራቱ ባዶ እንደነበሩ ተውኳቸው። ለፖሙ ዛፍ ውሃ ሰጠሁት። በምሳ ሰዓት እረፍት ክፍል ተቀምጬ ላሞቹን አለብኩ። ላሟ ስትታለብ ትጮኻለች፤ ድምፁን ማጥፊያውን ስፈልግ ከጎኔ የነበረችው ነርስ ከከረሜላዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ለገሰ ኒው ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ጻፈ። «ዛሬ ደህና ገበሬ ሆነሻል። ጉሮሮሽስ?»

«እንዳለ ነው። አንተ አረምህን ንቀል፣ ጎረቤት አሰደብክ።»

ይህን የጻፍኩት የቆዩ መልእክቶቻቸውን አንብቤ ነው። እትዬ አሰፋሽ ስለ አረሙ በወር አራት ጊዜ ያህል ይሰድቡታል።

«እኔ ሹፌር ነኝ እቴ። አረሙም እንደኔ ዘመድ የለውም፣ ተይው ይኑር።»

ላይ ቤት ሠላሳ ሰው ያህል ተቀምጧል። የሚያለቅሱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ቀባሪው ወንድም ሳይረዳ ጮኾ ማልቀስን አቶ ነጋሽ ከልክለዋል። ሰው ሁሉ ከሥራ ነው የመጣው፤ ዩኒፎርሙን ያላወለቀ አለ፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የወሰደው አለ። አንዷ ሴት ግድግዳ ተደግፋ በስልኳ ከረሜላ ታገጣጥማለች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። ማንም አልተቆጣትም።

ዓርብ ኦክቶበር 31 ነበር። በዚያ ቀን የሠራሁትን በዝርዝር ልጻፍ። ከንጋቱ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ስልኩን ከፈትኩ። ሐሙስ የዘራሁት ስንዴ አሥራ አምስቱም ደርሷል፤ ካሮቱም ደርሷል። ሁሉንም አጨድኩ። ከዚያ ሃያ አራቱንም ማሳ አረስኩ፤ ባዶ የነበሩትን አራቱንም ጨምሬ። በየረድፉ ስድስት ስድስት፣ በአራት ረድፍ፣ ሁሉንም ስንዴ ዘራሁ። ስጨርስ ትንሽ አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ በትክክል አለቀ ያልኩት ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ፣ ሥራ ገብቼ ጓንቴን ሳላደርግ፣ መልእክት መጣ። ለገሰ አማሪሎ፣ ቴክሳስ አድሮ ገና መነሣቱ ነው።

«ዛሬም አረስሽ?»

ወዲያው መለስኩለት። «አዎ። ስንዴው ደርሶ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልየው?»

አሥራ ሁለት ደቂቃ ዝም አለ። እንደ ወትሮው ቢሆን ቶሎ ነው የሚመልሰው። መኪናውን እየፈተሸ ነው አልኩ፤ ጠዋት ጎማና ፍሬን ያያሉ። ከዚያ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«ጎበዝ ገበሬ። በርቺ።»

ደስ አለኝ። ደብተሬ ላይ «ምንም አልጠረጠረም» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ የፈረንጅ ልጆች ጭንብል አድርገው ከረሜላ የሚለምኑበት ቀን ስለነበር በሩ በየአምስት ደቂቃው ይንኳኳል። ሔለን ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ ጎድጓዳ ሳሕን ሙሉ ከረሜላ ይዛ ትከፍታለች። አንዱ ልጅ አጥንት የተሳለበት ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ የራስ ቅል ጭንብል አጥልቆ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ዘግይተሃል ልጄ» አሉት አቶ ነጋሽ በአማርኛ። «ጓደኛህ ቀድሞሃል።»

ልጁ «ታንክ ዩ» ብሎ ሄደ። ከረቡዕ ወዲህ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሔለንም ሳቀች።

ለገሰ ከሊትል ሮክ ጻፈ። «ገብቻለሁ። ነገ አመሻሽ አትላንታ ነኝ። ሁላችሁም ተኙ።»

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጭነቱን አራግፎ መኪናውን ፓርክ ማድረጉን ጻፈ። በጣም ደክሞኛል፣ ዛሬ አልመጣም፣ ነገ እንገናኛለን አለ። ሔለን መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበች። አቶ ነጋሽ አማተቡ። ልጁ በሰላም ገብቷል፤ የምንፈራው አልደረሰም። እኔም ሦስት ቀን የተሸከምኩትን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ታች ወረድኩና ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሰባት ሆነን ቻምብሊ ሄድን፤ የለገሰ አፓርታማ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የዚያን ሌሊት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ስለነበር አቶ ነጋሽ አንድ ሰዓት ቀድመው ደርሰው፣ መኪናቸው ውስጥ በስልካቸው ዳማ ሲጫወቱ አገኘናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነው። አቶ ነጋሽ በየእርከኑ እየቆሙ ወጡ። ሔለንን ከኋላ አደረግናት።

አንድ ጊዜ እንዳንኳኳን በሩ ተከፈተ። ለገሰ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ጢሙን አልተላጨም። ከኋላው ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ዘጠኝ ነበሩ። አራቱ የእሱ የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ናቸው፤ አምስቱ ተጣጣፊ፣ ከጎረቤት የመጡ።

«ግቡ» አለ። «ወንበር አለ።»

አቶ ነጋሽ ያዘጋጁትን ጀመሩ። «ለገሰ ልጄ፣ እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች...»

«አውቃለሁ ጋሽ ነጋሽ። ይቀመጡ። በዚህ ጉልበትዎ ሦስት ፎቅ ወጥተው።»

ያኔ ሔለን ሰውን ሁሉ ገፍታ አልፋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያን ጊዜ የነበረውን ለቅሶ አልጽፍም። አርባ ደቂቃ ያህል ነበር።

ሰው ሲረጋጋ አቶ ነጋሽ አንድ በአንድ አዩን። «ማን ነው የነገረው?» አሉ። «አንድ ሰው ነግሮታል። ማን እንደሆነ ይናገር።»

«ማንም አልነገረኝም» አለ ለገሰ። ፊቱን በእጁ ጠርጎ ወደ እኛ ዞረ። «ማን ነበር የሚያርሰው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ወርቅውሃ፣ አንቺ ነሽ? ጠርጥሬ ነበር። ረድፉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል።» ሊስቅ ሞከረ። «የሐሙሱ ጥሩ ነበር። አሴ መስላኝ ነበር። ዓርብ ግን ምን ቀን ነበር?»

«ኦክቶበር ሠላሳ አንድ።»

«በእኛስ?»

አላወቅኩም። ከጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳታስበው «ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ማርያም» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማርያም» አለ ለገሰ። «አሴ በማርያም አታርስም። በሚካኤልም አታርስም፣ በገብርኤልም፣ በሥላሴም፣ በአቦም፣ በኪዳነምሕረትም። በሰንበትም። እንቁላል ትሰብስብ ይሆናል፤ መሬት ግን አትነካም። ሆቴሉ ማርያም ነው ብሎ አይለቃት፤ ሚካኤል ነው ብሎ አይለቃት። ሃያ አንድ አይል፣ አሥራ ሁለት አይል፣ አንሶላ ነው። ስልኩ ላይ ግን አለቃ የለባትም። ‹እዚያ ላይ እንኳ ላክብራቸው› ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር። ‹የስልክ ስንዴ ቢያጭዱት ማርያም ምን ገዷት?› እላታለሁ። ‹አንተ ምን ታውቃለህ፣ አረምህን ንቀል› ትለኛለች።»

ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁትና ያልታረሰባቸውን ቀኖች አነበብኩላት ለጥጓ ሴት። እሷ በጣቷ እየቆጠረች መለሰችልኝ። ኦክቶበር 15፣ አቦ። 17፣ ሥላሴ። 19፣ ሰንበት። 22፣ ሚካኤል። 26፣ ኪዳነምሕረት፣ ሰንበትም ነው። ረቡዕ 29፣ ስንዴው ደርሶ ለምን እንዳልታጨደ ለገሰ ያልጠየቀበት ቀን፣ ገብርኤል። ስድስቱም ገጠሙ። መረጃው ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ደብል ሺፍት ብዬ ጽፌበታለሁ።

«ረስተው ቢሆንስ?» አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ስህተቱን ማሳነስ ፈልጌ ይሆናል። «አሟቸው ቢሆንስ?»

«ለዚያ ነው የጠየቅኩት። ‹ዛሬም አረስሽ?› አልኩ። ‹ውይ በሞትኩት፣ ለካ ማርያም ነው!› እስክትል ጠበቅሁ። ‹ስንዴው ደርሶ ምን ላድርግ› የሚል መጣ።» እጁን አየ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አሰብኩ። ሌላ ሰው ስልኳን ይዞ የሚያርስላት ለምንድነው? ድምፅዋ ጠፋ የተባለው ለምንድነው? አንድ መልስ ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?» አለች ሔለን። «ለእኔ እንኳ ለምን አልደወልክም?»

«ብደውል ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ አልነዳም። አማሪሎ ላይ ማን አለኝ? ቤቴ የሚያመጣኝ ያ መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ አልሰማሁም አልኩ። ያየሁት የታረሰ መሬት ነው፤ መርዶ አልደረሰኝም አልኩ። እንደዚያ እያልኩ ነዳሁ። ኦክላሆማ ላይ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እናንተ ደግሞ ይህን ሁሉ ለፍታችሁ እንዳወቅሁ ብታውቁ መንገዱን ሁሉ ትሰቃያላችሁ። ለዚያ ነው ‹በርቺ› ያልኩሽ።»

ለገሰ ከጠረጴዛው ላይ የመንገድ መዝገቡን፣ ሹፌሮች በየቀኑ በእጃቸው የሚሞሉትን ደብተር፣ አንሥቶ ለአቶ ነጋሽ ሰጣቸው፤ እንዴት ነዳህ ብለው ሊጠይቁት እንደሆነ ገብቶታል። እሳቸው መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ረስተው ነበርና ለእኔ አሳለፉልኝ።

እንዲህ ይላል። ረቡዕ፣ ከፎንታና እስከ ሆልብሩክ 508 ማይል። ሐሙስ፣ እስከ አማሪሎ 522። ዓርብ፣ የመነሻ ሰዓት በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዘግይቷል፤ ምክንያት፣ ባዶ። እስከ ሊትል ሮክ 603። ቅዳሜ፣ እስከ አትላንታ 520። ሳያውቅ እንዲነዳው ካቀድንለት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት ማይል ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሦስቱን እያወቀ ነድቷል።